ለሳሙና ማስቀመጫ የተከፈተ መስኮት

በእኛ ቤት መስኮት ጌጥ ነው። ይወለወላል፣ መጋረጃው ለበዓል ይቀየራል፣ በመስታወቱ ጎረቤት ይታይበታል፤ አይከፈትም እንጂ። እናቴ ከ18 ማዞሪያ ታክሲ ስትሳፈር ከወንበሩ በፊት የምትመረምረው መስኮቱን ነው። ከኋላዋ ያለ ተሳፋሪ ትንሽ ገርበብ ካደረገው፣ ታክሲው ገና ሳይንቀሳቀስ፣ ንፋስ ገባብኝ ብላ ታስዘጋዋለች። ሌባ እንኳ እንደ ብርድ አያስፈራትም፤ ሌባ ዕቃ ነው የሚወስደው፣ ብርድ ግን ሰው ይወስዳል ባይ ናት። እኔ ደግሞ መስኮት ሥር ተቀምጬ ፊቴን ንፋስ የማስመታ ጉደኛ ልጇ ነኝ።

ትምህርቴም ከአየር ጋር የተያያዘ ነው። ሁለተኛ ዲግሪዬን የምሠራው ዚንክ ኦክሳይድ በሚባል ነጭ ዱቄት ላይ ነው። ዚንክ ያው የኮልፌን ጣሪያ ዝገት እንዳይበላው ቆርቆሮው ላይ የሚለበጠው ብረት ነው፤ ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ ይህን ዱቄት ይሰጣል። እኛ ላብራቶሪ ውስጥ በዓይን በማይታይ መጠን፣ ከፀጉር እጅግ በቀጠኑ መርፌዎች መልክ እናበቅለዋለን። እንዲህ ሲሆን መጥፎ ጋዝ ሲደርስበት የሚናገር አፍንጫ ይወጣዋል። ይህን ሁሉ በኩራት ሳስረዳት እናቴ በጥሞና ሰማችኝና «ዝገት ነው በይኛ» አለችኝ። እህቴ ነፍሰ ጡር ሆና የሕፃን ዕቃ ስትገዛዛ ደግሞ የዳይፐር ቅባቱ ላይ ዚንክ ኦክሳይድ የሚል ጽሑፍ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ዘመድ ስለ ትምህርቴ ሲጠይቅ እናቴ የሕፃን ቂጥ ቅባት እንደምሠራ ትነግረዋለች። ውሸት ነው እንዳልል ዱቄቱ ያው አንድ ነው።

እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ወደ እኛ ቤት መጣች፤ ባሏ ሥራው ክፍለ ሀገር ነው። የወለደችው ሐምሌ ውስጥ፣ ዝናቡ ቀራንዮን ጭቃ በጭቃ ባደረገበት ሰሞን ነበር። ወንድ ልጅ። እልልታው እንዳለቀ እናቴ የአራሷን ክፍል ማሸግ ጀመረች። ማሸግ ስል ማሸግ ነው። መስኮቱ ላይ ከመጋረጃው በላይ ጋቢ ተደረበ፤ የበሩ ሥር በአሮጌ ፎጣ ተወተፈ፤ ግድግዳና ጣሪያው የሚገናኙበት ስንጥቅ ሳይቀር ጨርቅ ጎረሰ። ትራስ ሥር እንደ ወጉ ቢላዋ ገባ። በመጨረሻ የከሰል ምድጃው መጣና አልጋው ግርጌ ተቀመጠ።

የፈራሁት እሱን ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ አያስነጥስ። ራስ ያሳምማል፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ ከዚያ የተኛውን ሰው እንደተኛ ያስቀረዋል። እናቴም ከሰል እንደሚያፍን ታውቃለች፤ እሷ የምታውቀው ግን ጭሱን ነው። ስለዚህ በረንዳ ላይ አቀጣጥላ፣ ጭሱ ጨርሶ ወጥቶለት ፍሙ ቀይ ሲሆን ነው የምታስገባው። ይኸው፣ ምን ጭስ አለው ትለኛለች። ጭሱ አይደለም እኮ እላታለሁ። የማይታይና የማይሸት ነገር ታዲያ አንቺ በምን አወቅሽው ትለኛለች። ያንን ጥያቄ ለመመለስ ነበር ይህን ሁሉ ዘመን የተማርኩት፤ እሷ ግን መልሱን ሳትጠብቅ ገንፎዋን ልታማስል ትሄዳለች።

እህቴ እንኳ አላገዘችኝም። ቅቤ ከአናቷ እየወረደ፣ በገንፎና በአጥሚት መካከል ድምፅዋ ሰልሎ፣ ተያት አለችኝ፤ እሷ ካልተረጋጋች እኔም አልተኛም።

አጥብቄ ያልገፋሁበት ምክንያት አለኝ። እናቴ አንዲት ታላቅ እህት ነበረቻት። እኛ ሳንወለድ በፊት እሷም ሕፃኗም በአራስ ቤት ሞቱ። ብርድ ገብቶባቸው ነው ይባላል። ያኔ እናቴ ገና ልጃገረድ ነበረች፤ አራሷን የምታስታምመውም እሷ ነበረች። ታሪኩ ከዚህ ረዝሞ ተነግሮን አያውቅም። «የአራስ መቃብር እስከ አርባ ቀን አፉን ከፍቶ ይጠብቃል» ትልና ከሰል ትጨምራለች። እህቷን ለቀበረች ሴት መስኮት ክፈቺ ማለት ቀላል አይደለም። ዝም ማለት ደግሞ አልቻልኩም፤ ክፍሉ ውስጥ ያለችው የእኔም እህት ናት፣ ያ እፍኝ የማይሞላ ልጅም አለ።

ስለዚህ አፍንጫውን ቤት አመጣሁት። ለመመረቂያዬ ልለካባቸው ካዘጋጀኋቸው ውስጥ አንዱን አማካሪዬን አስፈቅጄ ወሰድኩ። ትንሽ ደወል ገጠምኩለት፤ ከስልክ ቻርጀር መብራት እንዲወስድ አደረግኩት፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፓወር ባንክ ነበረኝ። የሚገባበት ነገር ስፈልግ 18 ማዞሪያ አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ሮዝ የሳሙና ማስቀመጫ አየሁ፤ ክዳን ያለው፣ ውሃ እንዲወርድ ሥሩ የተበሳሳ። ውሃ በሚወጣበት ቀዳዳ ጋዝም ይገባል። ሌላው ዓለም እንዲህ ያለውን ዕቃ በምን ውስጥ እንደሚከተው አላውቅም፤ የእኔ ግን ያምር ነበር።

እናቴ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችውና እጇን ሰብሰብ አደረገች። ትኩሳት አለው አለች።

እውነቷን ነው። ዚንክ ኦክሳይድ ሳይሞቅ አያሸትም፤ ለዚያ ሲባል ውስጡ ጥፍር የምታህል ማሞቂያ አለችው። ይህን ስነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርቴን አከበረችልኝ። ሙቀት የሚወድ ነገር ከእሷ ወገን ነው። መደርደሪያው ላይ፣ ከሕፃኑ ፈንጠር ብሎ እንዲቀመጥ ፈቀደችለት። በማግሥቱ ከትምህርት ስመለስ ነጠላ ደርባለት አገኘሁ። አነሳሁት። በማግሥቱም ነጠላው ተመልሷል። እንዲህ ተሸፍኖ ምኑን ያሸታል ብዬ ተቆጣሁ። ራቁቱን ስታየው ሆዷን ብርድ ብርድ ይላታል። በመጨረሻ ሳሳ ያለ ጨርቅ ላይ ተስማማን፤ ከእናቴ ጋር ያደረግሁት ትልቁ የሳይንስ ስምምነት እሱ ነው።

መጀመሪያ ያስጮኸው ግን ከሰሉ ሳይሆን አጎቴ ነበር፤ የምድጃው ጋዝ ገና ደወሉ የሚጮህበት መጠን ላይ አልደረሰም። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ገዳም ሄዶ፣ ጠበል ተጠምቆ፣ በአባቶች ፊት ምሎ አረቄ የተወ፣ በትዕግሥቱ ምሳሌ የሚደረግ ሰው። እህቴን ሊጠይቅ ገብቶ፣ አልጋው ላይ ጎንበስ ብሎ እንኳን ማርያም ማረችሽ ሲል የሳሙና ማስቀመጫው እሪ አለ። አጎቴ ደንግጦ ወደ ውጭ ወጣ፤ ጥቂት ቆይቶ ዕቃው ዝም አለ። ተመልሶ ገባ፤ እንደገና እሪ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ አፍንጫ ጋዝ መጣ ይላል እንጂ የመጣውን በስሙ አይጠራም። ዚንክ ኦክሳይድ የአልኮል ትነት ሲያገኝ ከካርቦን ሞኖክሳይድ ይብስ ይንጫጫል። አንዱን ከሌላው እንዲለይ ማስተማር ነው የመመረቂያዬ ሥራ፤ ገና አልተማረም። ይህን በሆዴ ያዝኩት። እናቴ ግን ወንድሟን ከእግር እስከ ራሱ አየችውና «ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው» አለች። እሱ የእጅ ሳኒታይዘር ነው ብሎ ማለ። ሳኒታይዘርም ያስጮኸዋል፤ ግን ሳኒታይዘር የተቀባ ሰው ደረጃው ላይ አይደናቀፍም።

ወሬው በሰፈሩ ሲዞር ጊዜ አልፈጀበትም። ሽቶ አብዝታ የተቀባች የእህቴ የሥራ ባልደረባ አስጮኸችው። ከዝክር ጠላ ቀምሰው የመጡ ጎረቤት አስጮኹት። የእናቴ የጽዋ ማኅበር ሴቶች ከመግባታቸው በፊት በረንዳው ላይ መዳፋቸው ውስጥ እየተነፈሱ ትንፋሻቸውን ማሽተት ጀመሩ። እናቴ ደስታዋን መደበቅ አቃታት፤ ማን እንደጮኸበት ማን እንዳልጮኸበት ለእህቴ እየዘገበች ታስቃታለች። እኔ ግን ተናደድኩ። እህቴን እንዲጠብቅልኝ ያመጣሁት ዕቃ የሰካራም መርማሪ ሆኖ አረፈው።

ይህ ሁሉ ጩኸት ግን ሕፃኑን ይቀሰቅሰው ነበር፤ ሕፃኑ ሲቀሰቀስ የእናቴ ደስታ ያልቃል። በምን ዝም እንደሚል ጠየቀችኝ። አስረዳኋት። በደህናው ጊዜ ከአየሩ የመጣ ኦክስጅን ዱቄቱ ላይ ተሰድሮ መንገዱን ይዘጋል፣ ታክሲ በር ላይ ቆሞ አላሳልፍ እንደሚል ተሳፋሪ። መጥፎው ጋዝ ሲመጣ የቆሙትን ይዟቸው ይወርዳል፤ በሩ ነፃ ሲሆን ኤሌክትሪኩ ሰተት ብሎ ያልፋል፣ ደወሉ ይጮኻል። ዝም የሚለው ንጹህ አየር አግኝቶ፣ ኦክስጅኑ እንደገና ሲሳፈርበት ነው።

አየር ይፈልጋል ማለት ነው አለች። አዎ አልኳት፤ ሙቀትም አየርም፣ ሁለቱንም።

አሰበችበት። ከዚያ በዓይኔ በብረቱ እያየሁ ተነስታ ጋቢውን ገለጥ አደረገችና መስኮቱን ጣት የሚያስገባ ያህል ከፈተችው። ጥቂት ቆይቶ ደወሉ ዝም አለ። አረፈ አለች እናቴ፣ በርኅራኄ። ለገዛ ልጇ ያልከፈተችውን መስኮት ለሳሙና ማስቀመጫ ከፈተችለት! መሳቅም መቆጣትም አማረኝ። ቢሆንም በማንም ስም ይከፈት፣ አየሩ ለሁሉም ነው ብዬ ልቤን አሳረፍኩ። እህቴም ከአልጋዋ ላይ ሆና ጠቀሰችኝ።

እናቴ ግን መላ የማታጣ ሴት ናት፤ እሱን ረሳሁት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ከላብራቶሪ ተመለስኩ። የሳሙና ማስቀመጫው በረንዳው ላይ ወንበር ተሰጥቶት ተቀምጧል፤ ከፓወር ባንኩ ጋር፣ ነጠላውን ለብሶ፣ ፊቱን ወደ ግቢው አዙሮ። ዝም ብሏል። ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ፀሐይ የሚሞቅ ይመስል ነበርና ሳቄ መጣ። እናቴ ከማድ ቤት ወጥታ ነገሩን አስረዳችኝ። ዕቃው ሲያለቅስ ነው የዋለው፤ መስኮት ልትከፍት አስባ ነበር፣ ግን በዚህ ዝናብ ልጇን እንዴት ታስመታ። «ትንሽ ይናፈስ ብዬ እሱን አወጣሁት» አለች። «ወዲያው ዝም አለልኝ።»

አጎቴ መጥቶ እንደሆነ ጠየቅኋት። አልመጣም። ሌላ እንግዳስ? በዚህ ዝናብ ማን ይመጣል አለች።

ሳቄ የት እንደገባ አላውቅም። በሩን ገፍቼ ገባሁ። ክፍሉ ይሞቃል፣ ደስ ይላል እንኳ፤ ፍሙ ቀይ ነው፣ ጭስ የሚባል የለም። እህቴ ዓይኗን ለመግለጥ እየታገለች ራሷን እንዳመማት፣ እንዳቅለሸለሻት፣ ብቻ ልተኛበት እንዳለች ተንተባተበች። ሕፃኑ እቅፏ ውስጥ ነበር። ነካሁት፤ አልተነጫነጨም። ያንን ልጅ ነክቶ ያላስለቀሰ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ሕፃኑን አንስቼ እናቴን አስታቀፍኳት፣ ወደ ውጭ አልኳት፣ እህቴን በብብቷ ይዤ እየጎተትኩ ወጣሁ። እናቴ ስለ ብርድ ልትናገር አፏን ከፍታ ፊቴን አየች፤ ቃሉን ሳታወጣው ተከተለችኝ።

በረንዳው ላይ ዝናብ የነካው ቀዝቃዛ አየር አገኘን። ሕፃኑ መጀመሪያ አፉን ከፈተ፤ ቀጥሎ ፊቱ ተጨማደደ፤ ከዚያ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ድረስ የሚሰማ ጩኸት ለቀቀ። እንደዚያ የጣፈጠኝ ድምፅ የለም፤ እያለቀስኩ ሳቅሁ። እህቴ ግድግዳውን ተደግፋ በረጅሙ ትተነፍሳለች። ስልኬን አውጥቼ መኪና ስጠራ እናቴ ሕፃኑን ለእህቴ ሰጠችና የሳሙና ማስቀመጫውን ከወንበሩ አነሳችው። በአራሷ ክፍል በር በኩል እጇን ዘርግታ አስገባችው። እሪ አለ። መለሰችው፤ ቆይቶ ዝም አለ። እንደገና አስገባችው። ክፍሉ ውስጥ አጎቴ የለም፣ ሽቶ የለም፣ ጠላ የለም፤ ምድጃው ብቻ ነው ያለው።

ጤና ጣቢያ ለሁለቱም ኦክስጅን አደረጉላቸው። ነርሷ ገና ከመግባታችን ከሰል ነው ወይ ብላ ጠየቀች፤ ክረምት ሲመጣ አዲስ ነገር አልሆነባትም። ቆይታ ደህና ናቸው አለችን፣ ለማንኛውም ትንሽ ይቆዩ ተባለ። እናቴ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጣ የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች፣ መልሳ ትጠቀልላለች። አንገቷን እንዳቀረቀረች ተናገረች።

«እህቴም ራሴን አመመኝ ብላኝ ነበር» አለች። «አቅለሸለሸኝ፣ እንቅልፌ መጣ አለችኝ። ብርድ ነው ብዬ ከሰል ጨመርኩላት።»

የተማርኩት ሁሉ ለዚያ ወንበር የሚሆን አልነበረም። ማንም አያውቅም ነበር እኮ አልኳት፤ አይታይ፣ አይሸት፣ አንቺ በምን ታውቂዋለሽ። ምናልባትም ሌላ ሕመም ይሆናል አልኳት። ከጉሮሮዬ የወጣው ቃል ለራሴም ቀሎ ተሰማኝ። እጇን ያዝኩት። በጣም ቀዝቅዞ ነበር፣ እሷ ግን ስለ ብርዱ ምንም አላለችም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ምድጃው ከበረንዳ አላለፈም። እህቴ በሁለት ጋቢ፣ በወፍራም ካልሲና ለብ ያለ ውሃ በተሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ተከበበች፤ ከሁላችንም ይልቅ የሞቃት እሷ ነበረች። መስኮቱን የምትከፍተው እናቴ ብቻ ናት፣ ሌላ ሰው አይነካባትም። ስትከፍተው ትንፋሿን ትይዛለች፤ ልማድ እንዲህ በአንድ ቀን አይለቅም። አጎቴ ደግሞ ነገሩን በራሱ መንገድ አቀለለው፤ ከውጭ ቆሞ በተከፈተው መስኮት በኩል መጠየቅ ጀመረ።

ክርስትናው ካለፈ በኋላ እህቴ ወደ ቤቷ ልትመለስ ስትሰናዳ እኔም ዕቃዬን ልወስድ ተነሳሁ፤ አማካሪዬ መጠየቅ ጀምሮ ነበር። መደርደሪያው ባዶ ነው። እናቴ ማድ ቤት ውስጥ በአንድ እጇ ትኩስ ገንፎ፣ በሌላው ጥቁር ፌስታል ይዛለች፤ በፌስታሉ አፍ ሮዝ ነገር ብቅ ብሏል። ከእኛ ዝቅ ብለው ያሉት ፕሮቴስታንት ጎረቤቶቻችን ልጃቸው ወልዳለች፤ ልትጠይቅ ነው። ስለ መመረቂያዬ ልከራከር አፌን ከፈትኩ። ፊቷን ሳየው ገንፎውን ተቀበልኳትና አብሬያት ሄድኩ።

ክፍሉ የእኛው ነበር ማለት ይቻላል። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ፣ በሩ ሥር ጨርቅ፣ አልጋው ግርጌ ምድጃ፣ ፍሙ ቀይ። የአራሷ እናት፣ በዕድሜ ከእናቴ ከፍ የሚሉ ሴትዮ፣ በፈገግታ ተነሱልን። እናቴ እነሱ ቤት ስትገባ እንኳን ጌታ ማረሽ ነው የምትለው፤ እሱንም ገና ሳትል ቀጥ ብላ ወደ መስኮቱ ሄደች፣ ብርድ ልብሱን አነሳችው፣ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ሴትዮዋ ደነገጡ። ምነው፣ ብርድ ይመታታል እኮ አሉ።

የሳሙና ማስቀመጫውን የምታወጣ መስሎኝ ነበር፤ ስለ ትኩሳቱ፣ ስለ ዝገቱ፣ ታክሲ በር ላይ ስለሚቆሙት ተሳፋሪዎች የምትነግራቸው። አላወጣችውም።

«እህት ነበረችኝ» አለች። «ከሰል ገደላት። የጨመርኩላት እኔ ነኝ።»

ዕድሜዋን ሙሉ ብርድ ስትል ነው የሰማኋት። ሴትዮዋ ዓይኗን አዩዋት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ምድጃውን በጨርቅ ያዙና ወደ በረንዳ ይዘውት ወጡ። ያን ጊዜ ነው እናቴ ፌስታሉን ፈትታ ሶኬቱ የት እንዳለ አራሷን የጠየቀቻት።